እናትሽ አልወደቀችም

ይድረስ ለምወድሽ የበኩር ልጄ፣ ለጉንዳኔ፤

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህ ደብዳቤ ስድስተኛዬ ነው። አምስቱን ሰላምታ እየደረደርኩ፣ ጤናሽን እየጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤቱ እያወራሁ ቆይቼ፣ ዋናው ነገር ጋ ስደርስ ወረቀቱ አለቀብኝ ብዬ ለእሳት ዳርጌያቸዋለሁ። ያለቀው ወረቀቱ አልነበረም፤ ወኔዬ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልማዱን ገልብጬ ከመጨረሻው ልጀምር። እናትሽን የገደላት ኦፕራሲዮኑ አይደለም። መታጠቢያ ቤትም አልወደቀችም። አንቺ ያጠብሽው ወለል አላዳለጣትም፤ ወደቀች በተባለበት ሰዓት እቤትም አልነበረችም። ሐኪሙ ማንም እንዳይነካው ብሎ ያስጠነቀቀውን ወገብ ወጌሻ ቤት ወስጄ ያስነካሁት እኔ አባትሽ ነኝ። ይህንንም ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ደብቄሻለሁ።

ይኸው ጻፍኩት። ፊደሌ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይኝ፤ ከአባትሽ ሰላምታ ለመቀበል ልብሽ ከፈቀደ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት አድሮ እንዴት ይውላል? ቀኝ እግርሽስ ዛሬ ጫማውን ይይዛል ወይስ እንደዚያ ጊዜው ጫማው ደረጃ ላይ እየወለቀ ይቀራል? ይህን ስታነቢ መቀመጥ ካቃተሽ ጋደም በይ፤ ትራስ ከጉልበትሽ ሥር አድርጊ። ባለቤትሽ ደኅና ነው? ያ ጥያቄ የማያልቅበት ልጅሽ አስተማሪዎቹን እያደከመ ነው? ትንሿስ የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? በሁላችሁም ላይ የአምላክ ዓይን ይሁን።

እኔ አለሁ፤ ካሉት መኖር ይባላል። ዓይኔ ከብልጭታው ብዛት ስለደከመ ቀጫጭኑን ብየዳ ትቼ የበርና የአጥር ሥራ ብቻ ነው የምይዘው። ለጸሎት ስንበረከክ ጉልበቴ ይንጫጫል፤ ታናሽሽ ‘አባዬ፣ እሱን ማጠፊያ ዘይት አስጠጣው’ ትለኝ ነበር። ትለኝ ነበር ያልኩት ስላለፈ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ አታናግረኝም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ባለቤትሽ ደወለልኝ። ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁ ተሰባብሮ፣ ‘አባባ፣ ለምኜ ለምኜ ደከመኝ’ አለ። የታችኛው አንጓሽ ከቦታው ወደ ፊት ተንሸራቶ ነርቩን እንደ ጨመቀው፣ የቀኝ እግርሽ ጣቶች ወደ ላይ አልነሣ እንዳሉ፣ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ እንደ ወደቅሽ ነገረኝ። ‘እዚህ ሰው አገር መጦሪያ ቤት ሽማግሌዎችን ስታነሣ ስትጥል የኖረች ሴት አሁን ካልሲዋን ማጥለቅ አቃታት። ሐኪሞቹ ነርቭ አይጠብቅም፣ ከሞተ አይነሣም ብለዋታል። የመኝታ ቀን ተቆርጦላታል። እሷ ግን እናቴን ያልያዘ ብሎን እኔን አይዝም ብላ በሩን ዘጋችው። እርስዎ ካልነገሯት ማንንም አትሰማም’ አለኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። ‘እሱን ተዉት፣ በዚያ ወገቧ ተንበርክካ ወለል ታደርቃለች። ታጥቦ ያለቀውን ወለል በደረቅ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ካላበሰች አትነሣም። ምን አባቷን እንደምትፈልግ አላውቅም’ አለ።

እኔም አላወቅሁም ነበር። በማግስቱ ደውዬልሽ፣ ልጄ ኦፕራሲዮኑን ተሠሪ ብዬ ለመጀመር ስንተባተብ፣ አንቺ አቋረጥሽኝና፣ ‘አባዬ፣ ያን ቀን ወለሉን ያጠብኩት እኮ እኔ ነኝ። ለትምህርት ቤት ረፍዶብኝ ሳላደርቀው ሮጥኩ። እማዬ ያዳለጣት በኔ ነው። አሁን ተራዬ ደርሶ ነው፣ ተወኝ’ አልሽኝ። ያን ጊዜ እኔ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሺያለሽ? ‘ተይ እንዲህ አይባልም’ ካልኩ በኋላ፣ ‘እዚያ ብርድ ነው?’ ብዬ ጠየቅሁሽ። ልጄ ለዐሥራ ስድስት ዓመት የተሸከመችውን ድንጋይ እግሬ ሥር ስታስቀምጥ፣ እኔ ብርድ ነው ወይ አልኳት! አንቺም ‘አዎ፣ ብርድ ነው’ ብለሽ ዘጋሽው።

ጉንዳኔ ያልኩሽ ልጅ ሆነሽ ከራስሽ የሚከብድ ነገር እየተሸከምሽ ስለምታስቂኝ ነበር። የዚህኛውን ሸክም ግን ያሸከምኩሽ እኔ መሆኔን አላየሁም። ስለዚህ ያን ጊዜ የሆነውን ሳላሳምር ልንገርሽ።

የእናትሽ ወገብ ልክ እንዳንቺው ነበር የተንሸራተተው። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አከርካሪ ነበረው። ሥራዬን ጠይቆኝ በያጅ ነኝ ስለው ደስ አለው። ‘እንግዲያውስ ለእርስዎ ማስረዳት ቀላል ነው’ አለ። ‘ሁለት ብረት ሲበይዱ መጀመሪያ በሞርሳ ያስሯቸዋል አይደል? የማስገባቸው ብሎኖች ሞርሳ ናቸው። ዋናውን ብየዳ የሚሠራው አጥንቱ ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጅበታል። ብየዳው ሳይበርድ ማንም በመዶሻ እንዳይነካብኝ። ሦስት ወር እጅ አይረፍባት፤ አትታሽ፤ አትጎተት።’ እናትሽ ያቺ ተረበኛ፣ ‘ከዛሬ ጀምሮ ባሌ ሲቆጣኝ ዝገት ነው የምለቅበት’ ብላ ሐኪሙን አሳቀችው። እኔም ሳቅሁ። ቃሉን ግን ሰምቻለሁ። አልገባኝም ነበር እንዳልል፣ በገዛ ሙያዬ ነው የነገረኝ።

ኦፕራሲዮኑ ደኅና ሆነ። ያን ጊዜ ወገብን ከላይ ወደ ታች ከፍተው፣ ሥጋውን ከአጥንት ገፈው ነበርና የሚሠሩት ጠባሳዋ ከመዳፌ ይረዝም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ተነሣች። አራቱም ብሎኖች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሐኪሙ በመካከላቸው እንደ ጭጋግ የነጣውን ነገር በብዕሩ እያሳየኝ ‘ይኸው፣ መያዝ ጀምሯል፤ ትዕግሥት ብቻ’ አለኝ። በሰባተኛው ሳምንት ግን ሕመሙ ወደ እግሯ ተመልሶ መጣ። ማልቀስ ጀመረች። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ብነግረው ‘ነርቩ ሲያገግም እንዲህ ያደርጋል፤ ሕመሙ ይተዋታል፣ ደግሞ ይመለሳል’ አለና መድኃኒቱን ቀየረላት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ራሴን መርምሬያለሁ። ለዓመታት ለራሴ የነገርኩት ‘አዝኜላት ነው’ የሚለውን ነበር። እውነት ነው፣ አዝኜላት ነበር። ነገር ግን ታክቶኝም ነበር። ውሃ መቅዳቱ፣ እሷን ማገላበጡ፣ ቀበቶዋን ማሰር መፍታቱ፣ ሥራ ቤት ደርሼ ኤሌክትሮዱን ሳልጨርስ ተመልሼ መሮጡ ታክቶኝ ነበር። አንቺ ከትምህርት ቤት መልስ ግማሹን ትሠሪ ነበር፤ እንዲያውም ከግማሽ በላይ። እኔ ግን ሚስቴ ተነሥታ የቀድሞዋን እንድትሆንልኝ ቸኮልኩ። ለእሷ ብዬ ሳይሆን ለራሴ። ይህቺን ቃል ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ‘ሚስቴን አሳዝኛታለሁ’ ብዬ ነው ያለፍኩት፤ እሳቸውም የትኛው ባል አላሳዘነ ብለው ፈቱኝ። ለእግዚአብሔር ግማሹን ተናግሮ ሙሉ ይቅርታ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ወጌሻው ሰፈሩ ‘ቅቤ እጅ’ የሚለው ሽማግሌ ነበር። ከመሰላል ወድቄ ትከሻዬ የወለቀ ጊዜ ሁለት ጊዜ አሽቶ መልሶልኝ ስለነበር ከሐኪም በላይ አምነው ነበር። እናትሽ ‘ሐኪሙ ምን አለ? እባክህ ይቅርብን’ አለችኝ። ‘ሐኪም ሥጋውን ያውቃል፣ ጅማቱን የሚያውቀው እሱ ነው’ አልኳት። አንቺ ወለሉን አጥበሽ ትምህርት ቤት ሄደሻል፤ ታናሽሽም አልነበረችም። ደግፌ ወሰድኳት።

ቅቤ እጅን አትርገሚው። ጥፋቱ የሱ አይደለም። በደረቷ አስተኝቶ ልብሷን ሲገልጥ ጠባሳውን አየና እጁን ሰበሰበ። ‘ይሄ ገና ቀይ ነው! እኔ ሐኪም የነካው ወገብ አልነካም፤ ጎረምሳ ነኝ እንዴ ዕድሜዬን እስር ቤት የምጨርስ?’ አለ። እኔ ምን አልኩ? ‘ዓመት አልፎታል፤ ቆዳዋ ቶሎ የማይሽር ሆኖ ነው’ አልኩት። ዋሸሁት። እናትሽ ፊቷን ምንጣፉ ውስጥ ቀብራ ሰማችኝ፤ ባሏን በሰው ፊት ውሸታም ላለማድረግ ዝም አለች። እሱም ‘እንግዲያስ’ ብሎ ዘይት ቀባ፣ አሸ፣ አሸና ጉልበቱን ወገቧ ላይ ተክሎ ሁለቱን ትከሻዎቿን ወደ ኋላ ሳበ። ድምፅ ሰማሁ። ትኩስ ብየዳ በመዶሻ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። ያንን ድምፅ ነው ከሚስቴ ወገብ የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ በእግሯ አልቆመችም።

ሆስፒታል አድርሰናት ራጁ እንደ ገና ተነሣ። የታችኛው የቀኝ ብሎን ከአጥንቱ ተነቅሎ እንደ ተጣመመ ሚስማር አዘንብሎ ነበር። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰክቶ ብዙ አየው። ‘ምን ሆና ነው?’ አለ። አፌን ከፈትኩ። እናትሽ ግን ቀደመችኝ። ‘መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ’ አለችው። እኔን ከውርደት ልታድን ብላ ነው። ወለሉን የዚያን ቀን ማን እንዳጠበው በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ አላሰበችም፤ አስባው ቢሆን ኖሮ ምላሷን ትነክስ ነበር። እኔ ግን ምንም አላመመኝም ነበር። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አፌን መልሼ ገጠምኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደ ተገጠመ ነው።

ሁለተኛ ከፈቷት። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ በዐሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። ከማረፏ በፊት በነበረው ጠዋት እጄን ይዛ ‘ለልጆቹ አትንገራቸው። የሚቀርላቸው አንድ አባት ነው፤ እሱንም አይጡት’ አለችኝ። ያቺን ምሕረት እንደ ብየዳ ጭንብል ፊቴ ላይ ደፍቼ ኖርኩ። ጭንብል ግን የሚለበሰው እሳቱ እስኪያልፍ ነው። እኔ ከእሳቱ በኋላም አላወለቅሁትም፤ ልጄ በባዶ ዓይኗ ብልጭታውን ስታይ ዝም አልኩ።

ዝም ብቻ ብል ደግ ነበር። ሐኪሙ ለቅሶ መጣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። እጁን ሲዘረጋልኝ ጀርባዬን ሰጠሁት። አንዷ ሴት ‘ማነው ይሄ?’ ብትለኝ፣ ‘ሐኪም ብሎን ነው፤ አንድ መውደቅ የማይቋቋም ብሎን የሚያስር’ አልኩ። ሰው በለቅሶ መሐል ሳቀ። ስሙ በዚያው ቀረ፤ የገበያ ሴቶች ሳይቀሩ ሐኪም ብሎን ይሉት ጀመር። ያንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺም ከኔው አፍ ሰምተሽ ነው ያደግሽው፤ ዛሬ ሐኪሞችሽን እምቢ የምትያቸው በኔ ተረብ ነው።

ያን የብርድ ስልክ ካወራን በኋላ ሦስት ጊዜ ልደውልልሽ ሞከርኩ፤ ሦስቴም አቃተኝ። ባለቤትሽን ግን ያንቺን የራጅ ምስል በስልክ ላክልኝ አልኩት። ታናሽሽ ፎቶ ቤት ወስዳ በወረቀት አሳተመችልኝ። ሐኪም ብሎን (ይህንን ስም ለመጨረሻ ጊዜ መጻፌ ነው) አርጅቷል። ከሆስፒታሉ ወጥቶ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያያል። ወረፋ ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ወፍራም ሴትዮ ጉልበቷን እያሸች፣ ‘አባቴ፣ እርስዎም ለወገብ ነው? እንዳያስነኩት! ይሄ እኮ የበያጁን ሚስት የገደላት ነው። እኔስ ለጉልበቴ ስለሆነ ነው’ ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችኝም። ‘እውነት?’ አልኳት። ልጄ፣ ‘እውነት?’ ብዬ ጠየቅኳት!

ሐኪሙ አወቀኝ። ግን ቅር እንዳለው አላሳየኝም። ምስልሽን ወደ መስኮቱ አዙሮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው። ‘በሩቅ ሆኜ አልፈርድም፤ የያዟት ሐኪሞች ያሉት ግን ልክ ይመስለኛል። ባትዘገይ’ አለኝ። አሁን ወገብን እንደ ድሮው እንደማይዘረጥጡት ነገረኝ። ከመሐል መስመሩ ወጣ ብለው በሁለቱም በኩል ጣት የማይሞሉ ቀዳዳዎች ይከፍታሉ። ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ በሱ ላይ ወፈር ያለ፣ በዚያም ላይ ሌላ፤ እንደዚያ እያሉ ሥጋውን ሳይቆርጡት ገለል ያደርጉታል። በዚያች ቱቦ ውስጥ ገብተው ነርቩን ከጭመቃው ያላቅቃሉ፣ ያለቀውን ዲስክ ያወጣሉ፣ በምትኩ የአጥንት ፍርፋሪ የሞላበት ትንሽ ማቆሚያ ያስቀምጣሉ። ብሎኖቹንም በራጅ እያዩ በዚያችው ቀዳዳ ያስገባሉ። ደም ብዙ አይፈስም፤ ብዙ ሰው በማግስቱ ይራመዳል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ብረት የቀደድኩ ሰው፣ በቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ እጁን አሳልፎ ከውስጥ ብሎን የሚያስር ሙያተኛ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

አልሸነገለኝም፣ እኔም አልሸነግልሽም። ነርቩ ሊቀጠቀጥ ይችላል፤ ቁስሉ እንደ ድሮው አይብዛ እንጂ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ አጥንቱም አልገጥም የሚልበት ጊዜ አለ አለኝ። ከዚያ ጣቱን አነሣና፣ ‘መንገዱ ነው የጠበበው፤ አጥንቱ ያው የድሮው አጥንት ነው። የሚገጥመው በራሱ ጊዜ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ድኛለሁ ብላ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፤ ማንም እንዳያሻት’ አለ። ይህን ሲል ዓይኔን አላየኝም፤ እኔ ግን ወንበሩ ውስጥ ሰመጥኩ።

ልወጣ ስነሣ፣ ‘የሚስትዎን ነገር ብዙ ዓመት አሰብኩበት’ አለኝ። ‘ያ ብሎን በአንድ መውደቅ እንደዚያ መነቀል አልነበረበትም። ሳስረው ምን አጠፋሁ እያልኩ ለስድስት ዓመት ያንን ኦፕራሲዮን አልሠራሁም። ሰው ሲመጣብኝ ወደ ሌላ እልክ ነበር። አንዳንዱ ሩቅ ነው ብሎ ሳይሄድ ቀርቷል።’ ያን ጊዜ እንኳ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። ‘አምላክ ያጽናዎት’ ብዬ ወጣሁ። በኔ ውሸት እጁ የታሰረውን ሰው እኔው አጽናንቼው ወጣሁ። ስንት ሰው በኔ ምክንያት ጎብጦ እንደ ቀረ የሚያውቀው የላይኛው ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ለታናሽሽ ምሳ ላይ ነገርኳት። ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። ‘እህቴ ይህን ሁሉ ዓመት?’ አለች። ‘አዎ’ አልኳት። ‘እና አንተ ወለል ስታጥብ ታያት ነበር?’ አለች። ተነሣች፣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ምሳዬን ግን በክዳን ደፍታ ጠረጴዛው ላይ ትተውልኛለች። አልፈርድባትም።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። አባት ልጁን ያዝዛል እንጂ አይለምንም ይባላል፤ እኔ ማዘዣዬን በገዛ እጄ አቃጥያለሁ። መጥላት ካለብሽ እኔን ጥይኝ፣ ወገብሽን ግን አትጥይው። የመኝታሽ ቀን ዐሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከነገ ወዲያ ወዳንቺ አገር ስትበር ይዛልሽ ትመጣለች። ፖስታው ውስጥ ሥራ ቤት ቁም ሣጥን ላይ በአሮጌ ላሜራ ሸፍኜ የደበቅኋቸውን ሁለት የራጅ ፊልሞች ታገኛለሽ። የመጀመሪያው የስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ሁለተኛው ከወጌሻው በኋላ የተነሣው። የመጀመሪያውን ለሐኪሞችሽ አሳዪያቸው፤ ቋንቋ አያስፈልገውም። አራቱ ብሎኖች እንዴት ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ ያዩታል። እናትሽን የያዘ ብሎን ነበር፣ ልጄ። ያልያዛት ባሏ ነው።

ደግሞ ይህንን። ከእንግዲህ ወለል ስታጥቢ እርጥቡን ተዪው። ራሱ ይደርቃል።

ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ስለዚህ አልልም። ጸሎቴን ግን አትከልክይኝ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሜ የቀኝ እግርሽን አምስት ጣቶች እየቆጠርኩ እለምናለሁ። ሌላ ጸሎት ጠፍቶብኛል።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ። ‘አባባ ነገሯት’ በይው፤ ዘግይቼም ቢሆን። ካልሲሽን ሲያጠልቅልሽ እየተነጫነጭሽበት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእናትሽ ልጅ ነሽ፤ ግን ቻይው። ጥያቄ ለማያልቅበት ልጅሽ፣ አያትህ ብሎንና ቡሎን ምን ለያቸው ብለህ የጠየቅኸውን መልስ ገና እያሰበበት ነው በይው። ለትንሿ፣ የበቀለውን ጥርሷን በፎቶ ልታሳየኝ እንደሚገባ ንገሪያት። መጦሪያ ቤት ላሉት ሽማግሌዎችሽ ሁሉ፣ በተለይ እጅሽን ይዘው አልለቅም ለሚሉት ለእኚያ ዕውር ሴትዮ፣ ለጊዜው ሌላ ሰው እንዲያነሣችሁ አባቴ ለምኗል በያቸው። ታናሽሽ ሰላምታ አልላከችም፤ ግን ፖስታውን ስትገዛ ትልቁን መርጣ ነው የመጣችው፣ ፊልሙ እንዳይታጠፍ።

ትናንት እዚህ ላይ ደርሼ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ላሽገው ስል ፊልሞቹ እጄ ላይ ከበዱኝ። ላንቺ ብቻ ተናግሬ ብቀር ግማሽ ንስሐ መሆኑ ታወቀኝ። በአደባባይ ያጠፋሁትን በፖስታ ውስጥ አልክሰውም። ዛሬ ረፋድ ላይ ሁለቱን ፊልሞች በብብቴ ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ወረፋ የምታስይዘው ልጅ ‘አባቴ ይቀመጡ፣ ገና ነዎት’ አለችኝ። አልተቀመጥኩም። አግዳሚው ሞልቷል፤ ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮም ነበረች። ሐኪሙ በሽተኛ ሊሸኝ በሩን ሲከፍት የመጀመሪያውን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ ሁሉም እንዲያየው። ‘የበያጁ ሚስት የምትሏት የኔ ሚስት ናት’ አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ‘እኚህ ሰው ያሰሩላት ብሎን ይኸው፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ወጌሻ ቤት ወስጄ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። ያንን ስም ያወጣሁላቸውም እኔ ነኝ።’ ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐኪሙ የበሩን እጀታ እንደ ያዘ ቆመ። ‘ታዲያ አልወደቀችም?’ አለኝ፣ እንደ ልጅ።

‘አልወደቀችም’ አልኩት።

አባትሽ፣ በያጁ

ከብየዳ ቤቱ፣ ሞርሳው ካለበት ጠረጴዛ ላይ
ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም.